ያገድነው ላኪ ለምን ተመልሶ ይገባል? የኢሜይል ሰርቨር ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የኢሜይል ሰርቨር የምጠብቀው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ከሒሳብ ክፍል ባልደረባዬ መጣችና «ይሄን ሰውዬ አግደኸው አልነበር እንዴ?» አለችኝ። አግጄዋለሁ። አድራሻው የእገዳ ዝርዝሩ ላይ አለ። ደብዳቤው ግን ገብቷል።

ትልቁ ስህተት ፖስታውን ብቻ አይቶ ማሳለፍ ነው። ኢሜይል ሁለት ላኪ አለው። አንዱን ሰርቨሮቹ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ይጠሩታል፤ ፖስታ ላይ እንደሚጻፍ አድራሻ ነው። ሌላው ተቀባዩ «ፍሮም» በሚለው መስመር የሚያነበው ነው፤ ደብዳቤው ውስጥ እንዳለ ስም። በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢሜይል መላላኪያ ደንብ፣ ኤስኤምቲፒ፣ ሁለቱ አንድ ይሁኑ ብሎ አያስገድድም። ስለዚህ አጭበርባሪው ፖስታው ላይ ሌላ አድራሻ ይጽፍና ውስጡ የታገደውን ስም ይተዋል። እኛ ፖስትፊክስ የሚባል የኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራም ነው የምንጠቀመው። የላኪ እገዳው የሚያየው ፖስታውን ነው። የውስጡን ለማየት ሄደር ቼክስ የሚባለውን ለብቻው ማስተካከል ነበረብኝ። እናንተም ሁለቱንም ፈትሹ።

ሌላው፣ «የራሳችን ነው» ብሎ የመሥሪያ ቤቱን ዶሜይን (አድራሻው ላይ ከ@ በኋላ ያለውን ስም) ከፍተሻ ነፃ ማድረግ ነው። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። አጭበርባሪ የሚወደው የኃላፊውን አድራሻ ለብሶ «ቶሎ ክፈሉ» ማለት ነው። ኤስፒኤፍ (ደብዳቤው ከተፈቀደለት ሰርቨር መምጣቱን የሚያጣራው) አለን ብላችሁም አትዘናጉ፤ እሱም የሚያየው ፖስታውን ነው። ከሚታየው ስም ጋር የሚያገናኘው ዲማርክ የሚባለው ሌላ ፍተሻ ነው። ዲማርክን «ነን» (none፣ ምንም አታድርግ) ላይ ከተዋችሁት ደግሞ ሪፖርት ያመጣል እንጂ ይታገድ አይልም።

የጓሮ በርም አለ። መብራት ሲጠፋ ደብዳቤ የሚቀበል መጠባበቂያ ሰርቨር ሌላ ቦታ ካላችሁ፣ የእገዳ ዝርዝሩ እዚያም ይኑር። አጭበርባሪዎች ዋናው እየሠራም ቢሆን ሆን ብለው በመጠባበቂያው ይመጣሉ። ዋናው ሰርቨር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመጠባበቂያው የመጣን ሁሉ ያምናል።

በመጨረሻ፣ የታገደን ደብዳቤ ተቀብሎ በኋላ «አልደረሰም» ብሎ መመለስ። የላኪው አድራሻ የተሰረቀ ከሆነ መልሱ የሚያጥለቀልቀው ምንም የማያውቅ ሰው ነው። ዝም ብሎ መጣልም አይሆንም። እዚያው በር ላይ፣ ንግግሩ ሳያልቅ፣ 550 በሚባለው የእምቢታ ኮድ መልሱት። የቡሬ ነጋዴ የበቆሎ ዋጋ ልኮ በስህተት ቢታገድ፣ የራሱ ሰርቨር አልገባም ይለዋል፤ ስልክ ያነሳና ይደውላል። ዝም ተብሎ ከተጣለበት ግን መልስ ሲጠብቅ ጨረታው ያመልጠዋል።