ትንሽ አበባ በእጅ በተሠራ የሸክላ ማስቀመጫ፦ ቤት ውስጥ እንዴት ይደረጋል?

በእጅ የተሠራ የሸክላ ማስቀመጫ ያለን ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው አበባ በማብዛት ነው። ማስቀመጫው ራሱ የሚታይ ነገር ነው። የሠሪው የጣት ምልክት አለበት፣ አፉ ትንሽ ዘመም ይላል፣ ቀለሙ አንድ ወጥ አይደለም። ትልቅ እቅፍ ከተጫነበት ይሄ ሁሉ ይሸፈናል። ሦስት አበባ፣ አንዳንዴም አንዲት ብቻ ትበቃዋለች።

መጀመሪያ ማስቀመጫው ውሃ መያዙን ፈትሹ። ይህን አትዝለሉት። ውስጡ ቅብ (ሲቃጠል እንደ መስታወት የሚሆን ሽፋን) የሌለው፣ በዝቅተኛ ሙቀት የተቃጠለ ሸክላ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ያልባል። ውሃ ሞልታችሁ ወረቀት ላይ አሳድሩት። ጠዋት ወረቀቱ ከረጠበ ወይም ከተጨማደደ መልሱን አገኛችሁ። እኔ ይህን ሳላውቅ የእንጨት ጠረጴዛዬ ላይ ነጭ ክብ አወጣሁበት፤ እስከ ዛሬ በመጽሐፍ ነው የምሸፍነው። የሚያልብ ማስቀመጫ ግን አይጣልም። ውስጡ ጠባብ ብርጭቆ ክተቱና ውሃውን እዚያ አድርጉ። አንገቱ ብርጭቆ የማያስገባ ከሆነ የደረቀ አበባ ይሁንለት። ቅብ ያለውም ቢሆን መቀመጫው ብዙ ጊዜ ሻካራ ስለሆነ ጠረጴዛ ይጭራል። ከሥሩ ቁራጭ ጨርቅ አንጥፉለት።

ቀጥሎ አበባውን አዘጋጁ። በስለታም መቀስ ከግንዱ ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። ሰያፍ የሚሆነው ጫፉ ወለሉ ላይ ተለጥፎ ውሃ እንዳያጣ ነው። እንደቆረጣችሁ ወዲያው ውሃ ውስጥ ክተቱት፤ ከቆየ አየር ይገባበትና መጠጣት ያቅተዋል። ውሃ ውስጥ የሚጠልቀውን ቅጠል በሙሉ አራግፉ። እዚያ ሲበሰብስ ባክቴሪያ ይራባና የግንዱን መንገድ ይዘጋል።

ቁመቱን ስትለኩ ረዘም አድርጋችሁ ጀምሩ። ማሳጠር ይቻላል፣ ማስረዘም ግን የለም። ማስቀመጫው 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ከአፉ በላይ የሚወጣው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ያምራል። ሆዱ ሰፋ ላለ ድንቡሽቡሽ ማስቀመጫ ግን እኔ አጠር ያለውን እመርጣለሁ፤ አበባው አፉ ላይ ቁጭ ያለ ይመስላል።

አፉ ሰፊ ከሆነ አበባው ወዲያና ወዲህ ይወድቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አፉን አድርቁና ስስ ፕላስተር በመስቀለኛ ለጥፉ፣ ግንዶቹን በክፍተቶቹ አስገቡ። ሻካራ ሸክላ ላይ ፕላስተር አይይዝም፤ እዚያ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች አፉ ውስጥ አጣልፉ። ለዝርግ ሳህን ደግሞ ጃፓኖች ኢኬባና ለሚሉት የአበባ አደራደር ጥበባቸው የሚጠቀሙበት ኬንዛን አለ። መርፌ መርፌ የተተከለበት ከባድ ብረት ነው፤ ግንዱን ሰክታችሁ ታቆሙታላችሁ።

ቦታ ስትመርጡ ቀጥታ ፀሐይንና የሚሞቅ ዕቃን አርቁ። ከፍራፍሬ ጎንም አታስቀምጡት፤ የሚበስል ፍሬ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ አበባውን ቶሎ ያስረጀዋል። ድመት ካላችሁ ሊሊ ይቅርባችሁ፣ ብናኙ ሳይቀር ይመርዛታል። ቱሊፕ ከተቆረጠም በኋላ ያድጋል፣ ወደ ብርሃንም ይታጠፋል። ጠዋት ሌላ ቅርጽ ይዞ ብታገኙት አትደንግጡ። ሦስት ትንንሽ ማስቀመጫ ካላችሁ ደግሞ ቁመታቸው የተለያየ ይሁንና በየአንዳንዱ አንዳንድ አበባ አድርጋችሁ አቀራርቧቸው። እንደኔ ከሁሉም የሚያምረው ይሄኛው ነው።

ትንሽ ማስቀመጫ የሚይዘው ውሃ ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፣ ቶሎም ይቆሽሻል። በየቀኑ ቀይሩት፤ በየሁለት ቀኑ ግንዱን ትንሽ ከርከም አድርጉት። አበባው ሲረግፍ አንገቱ ጠባብ የሆነውን ለማጠብ ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙናና አንድ ጭብጥ ጥሬ ሩዝ ጨምራችሁ ናጡት። ከዚያ ገልብጣችሁ አድርቁ። እርጥበት እንደያዘ ቁም ሳጥን ከገባ ይሻግታል።