እናታችሁን እናንተ ጋ ካመጣችኋት ቡናውን ለሷ ልቀቁላት

አባት ካረፉ በኋላ እናታችሁን ከኮምቦልቻ የሀረጎን ዳገት አሻግራችሁ ደሴ ካመጣችኋት ትንሽ ቆይታ ዝም ማለት ትጀምራለች፣ ብይ ስትባል በቃኝ፣ ቲቪ ተከፍቶላት እንደ እንግዳ ቁጭ። እኛ ደግሞ ያሳረፍናት መስሎን እማዬ አንቺ ተቀመጪ እንላለን።

መላው ምን መሰላችሁ፣ ቡናውን ሙሉ ለሙሉ ለሷ ስጧት። ማፍላቱን ብቻ አይደለም፣ ረከቦቱም ጀበናውም የሷ ይሁን፣ ወር ሲገባ የቡናና የስኳሩን ብር በእጇ አስይዟት፣ ጉልበት ካላት ሰኞ ገበያ ሄዳ ራሷ መርጣ ትግዛ፣ ማንን እንደምትጠራም አትጠይቋት። ስኳሩ ቶሎ ያልቃል፣ ይለቅ።

የሚሰራው ለምንድነው ስንት አመት የራሷን ቤት ያስተዳደረች ሴት ጎረቤት ለመጥራት የልጇን ስኳር ማስፈቀድ ያሳፍራታል፣ በተለይ የልጇ ሚስት ቤት ከሆነ። ኑ ቡና ጠጡ የሚለው ከሷ አፍ ሲወጣ ግን ባለቤት ሆነች፣ ጎረቤቱም የናንተ መሆኑ ቀርቶ የሷ ይሆናል። አቦል ቶና በረካ እስኪባል ወሬው አለ፣ ቆሎውንም ዳቦውንም ከሰው ጋር ሳይታወቃት ትበላለች።

አንድ ነገር ግን፣ የደሴ ብርድ ነው ብላችሁ በር ዘግታችሁ ከሰል እንዳታስገቡ፣ ጭሱ ቢጠፋም ሽታ የሌለው ጋዝ አለው ይገድላል። መርሳት ከጀመረች ደግሞ እሳቱ ጋ ብቻዋን አትተዋት፣ እናንተ አፍሉላትና እሷ ትቅዳ።