የኤምአርአይ መሣሪያ የማለዳ ፍተሻ አሠራር

በማግኔትና በራዲዮ ሞገድ የሰውነትን ውስጥ ምስል የሚያነሣው የኤምአርአይ መሣሪያ ሊበላሽ ሲል ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ምልክት ያሳያል፤ ምልክቱ ደግሞ በታካሚ ምስል ላይ ጎልቶ ከመውጣቱ በፊት ፋንተም በተባለው ፈሳሽ የተሞላ የሙከራ ዕቃ ምስል ላይ ይታያል። ስለዚህ የመጀመሪያው ታካሚ ሳይገባ የፋንተሙን ምስል በየማለዳው ማንሣት ያስፈልጋል።

ወደ ክፍሉ ከመግባታችሁ በፊት ኪሳችሁ ውስጥ ብረት እንዳይኖር ፈትሹ፤ ማግኔቱ ሌሊትም ቢሆን አይጠፋም። ከኒዮቢየምና ከቲታኒየም ቅይጥ የተሠራው ሽቦ በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች እስከ 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀዘቅዝ፣ ኤሌክትሪክ ያለ ምንም ተቃውሞ ሲዞርበት ይኖራል። የሂሊየሙን መጠን መዝግቡ፤ የማቀዝቀዣውን ተደጋጋሚ ምትም አዳምጡ፤ ምቱ ከተቋረጠ ለጥገና ባለሙያው ወዲያውኑ አሳውቁ።

ፋንተሙን በጭንቅላት ኮይሉ፣ ማለትም ከጭንቅላት የሚመጣውን ሲግናል በሚቀበለው አንቴና፣ መካከል አስቀምጡና ፈሳሹ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ይህን ትዕግሥት መዝለል ትልቅ ስሕተት ነው፤ የሚናወጥ ፈሳሽ በምስሉ ላይ ጥላ እየጣለ ጤነኛውን መሣሪያ የታመመ ያስመስለዋል።

ቀጥሎ ማዕከላዊ ድግግሞሹን አንብቡ። የሃይድሮጅን ፕሮቶኖች የሚዋልሉበት ድግግሞሽ በ1 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት ጥንካሬ መለኪያ ነው) 42.58 ሜጋኸርዝ ስለሆነ፣ በ1.5 ቴስላ ማግኔት 63.87 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይጠበቃል። ከሚሊዮን አንድ እጅ የሆነ ለውጥ እንኳ 64 ኸርዝ ያህል ስለሚያሳይ፣ ቁጥሩን እስከ መጨረሻው አኃዝ ጽፋችሁ ከትናንቱ ጋር አስተያዩት።

ምስሉ ሲወጣ የፋንተሙን ስፋት በአግድምም በቁመትም ለኩ። የግሬዲየንት ጥቅልሎች ለእያንዳንዱ ቦታ የራሱን ድግግሞሽ ይሰጡታል፤ ከኤምአርአይ ፈልሳፊዎች አንዱ የሆነው ኬሚስት ፖል ላውተርበር በ1973 ያሳተመው ሐሳብ ይኸው ነው። ስለዚህ ክቡ ፋንተም ሞላላ ሆኖ ከታየ በመጀመሪያ የግሬዲየንቱን ልኬት ተጠራጠሩ። በአንድ ጠርዝ ብቻ ከተጣመመ ግን አልጋው ሥር የወደቀች የፀጉር ሽቦ ልትኖር ትችላለችና ፈልጉ።

የሲግናሉን ጥራት ከዚያው ኮይል የቀደመ መዝገብ ጋር አወዳድሩ። በ1.5 ቴስላ ሲግናል የሚሰጠው ትርፍ፣ ማለትም ከማግኔቱ አቅጣጫ ጋር የተሰለፉት ፕሮቶኖች በተቃራኒው ከቆሙት የሚበልጡበት ቁጥር፣ ከሚሊዮን 5 ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በደንብ ያልገባ ሶኬት እንኳ ጥራቱን ይቀንሰዋል።

በምስሉ ላይ የነጠብጣብ መስመር ከታየ የውጭ ራዲዮ ሞገድ ገብቷል ማለት ነው። መጀመሪያ በሩን ተመልከቱ፤ በዙሪያው የተደረደሩትን ስስ የመዳብ ምላሶች ጠርጋችሁ በደንብ ዝጉና ምስሉን ድገሙ። መስመሩ ካልጠፋ በክፍሉ ውስጥ ያሉትን አምፖሎችና ተጨማሪ ዕቃዎች አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ምስሉን እንደገና አንሡ።