ድልድዩ ከመውደቁ በፊት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ድልድይ "ድንገት ተደረመሰ" ሲባል እጠራጠራለሁ። ብዙ ጊዜ ምልክት ነበረ፣ ያየውም ሰው ነበረ። ምልክቱን ከመንስኤው ጋር ያገናኘ ነው የጠፋው።

ብረቱ ጎብጧል

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ፣ ኦገስት 1 ቀን 2007፣ ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት የአይ-35 ደብልዩ ድልድይ ሚሲሲፒ ወንዝ ውስጥ ገባ። 13 ሰው ሞተ፣ 145 ቆሰለ። ጥፋቱ የተገኘው ዘንጎቹን እርስ በርስ የሚያያይዙት ጠፍጣፋ ላሜራዎች ላይ ነው። ውፍረታቸው ግማሽ ኢንች ነበር፤ መሆን የነበረበት ግን የዚያ እጥፍ ገደማ። ድልድዩ ይህን የዲዛይን ስህተት 40 ዓመት ተሸክሞ ቆየ፣ በመሃል ላዩ ላይ ኮንክሪት ተጨመረበት፣ በመጨረሻም ለጥገና የመጣ አሸዋና ጠጠር ልክ ከደካማው መጋጠሚያ በላይ ተከመረ። በ2003 በተነሱ ፎቶዎች ላይ ላሜራዎቹ ጎብጠው ይታያሉ!

እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ቀለም ቀብታችሁ አትለፉት። ጭነቱ ይውረድ፣ መንገዱ ይዘጋ፣ ስሌቱ እንደ አዲስ ይሠራ፣ ከዚያ ማጠናከሪያ ብረት ይታሰርበት። ጥገና ላይ ያላችሁ ደግሞ፣ ድልድይ የዕቃ መጋዘን አይደለም።

የምሰሶው ሥር ተቦርብሯል

መንስኤው ውሃ ነው። ወንዙ ሲሞላ ምሰሶውን እየዞረ መሠረቱ የተቀመጠበትን አፈር ይጠርጋል። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ድልድይ በመጣል ቀዳሚው ይሄ ነው፤ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ በ1987 የስኮሃሪ ክሪክ ድልድይ በዚህ ምክንያት ወድቆ 10 ሰው ሞቷል። ተንኮሉ ደግሞ ጎርፉ ሲጎድል ደለል ጉድጓዱን መልሶ ይሞላዋል፣ የሚያየው ሰው ሰላም ነው ብሎ ይሄዳል። ደለል ግን ክብደት አይሸከምም። ስለዚህ ከክረምት በኋላ ጥልቀቱን መለካት፣ ትልልቅ ድንጋይ ወይም ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) መደርደር፣ ካልሆነም መሠረቱን ወደ ታች ማስጠለቅ ነው።

ኮንክሪቱ ይረግፋል፣ ቡናማ እድፍ ይወርዳል

ውስጥ ያለው ፌሮ ዝጓል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ያፈነዳዋል። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚገባ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የተደፈነ የውሃ ማውረጃ ቱቦ ነው። የላላው ይፈልፈል፣ ፌሮው ይጽዳ፣ የሳሳው ይተካ። በላዩ ላይ ልስን መምረግ በሽታውን መደበቅ ብቻ ነው። ጣሊያን ጄኖቫ ውስጥ በ2018 የሞራንዲ ድልድይ ወድቆ 43 ሰው ሲሞት፣ ድልድዩን የሚይዙት የብረት ገመዶች ኮንክሪት ለብሰው ስለነበር ዝገቱን ከውጭ አይቶ ማወቅ ከባድ ነበር።

ይንቀጠቀጣል

ከባድ መኪና ሲያልፍ ትንሽ መንቀጥቀጥ ጤነኛ ነው። መደገፊያ አጥሩ ወደ ታች ከሰረገ ወይም መጋጠሚያው ላይ ትናንት ያልነበረ ደረጃ ከተፈጠረ ግን ቆማችሁ ፎቶ አታንሱ። ውረዱ፣ ከሁለቱም ወገን የሚመጣውን መኪና አስቁሙ፣ ፖሊስና መንገዶች ባለሥልጣን ጋ ደውሉ።