የኤች አይ ቪ ምርመራ፦ መቼ መሄድ፣ ምን መጠየቅ፣ ውጤቱን እንዴት መረዳት ይገባል?

ለኤች አይ ቪ ያለንን ተጋላጭነት የምንገምትበት መንገድ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። «ጨዋ ሰው ነው»፣ «ጤነኛ ትመስላለች»፣ «የተማረ ሰው ራሱን ይጠብቃል» እያልን ሥጋቱን ከሰው መልክና ጠባይ ለማንበብ እንሞክራለን። ነገር ግን ቫይረሱ ምንም ዓይነት ምልክት ሳያሳይ ለበርካታ ዓመታት በሰውነት ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል፣ መልክም ሆነ ጠባይ የሚነግረን ነገር የለም። ስለዚህ ሰውን ከመመዘን ይልቅ ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ ይጠቅማል፤ ለቫይረሱ ሊያጋልጥ የሚችል ምን ተፈጸመ? ከዚያ ወዲህስ ስንት ቀን አለፈ?

በኢትዮጵያ ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው ያለ ኮንዶም በሚደረግ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። የራስዎ ወይም የፍቅር ጓደኛዎ የግንኙነት አጋሮች በበዙ ቁጥር አደጋው ይጨምራል፤ ያልታከመ የአባላዘር በሽታ፣ በተለይም ቁስል የሚያስከትለው፣ ለቫይረሱ በር ይከፍታል፤ መጠጥና ሌሎች አደንዛዥ ነገሮች ደግሞ ኮንዶም ለመጠቀም የተወሰነን ውሳኔ ያስረሳሉ። በጋራ መርፌ መጠቀም ከፍተኛ አደጋ ያለው ሲሆን፣ ባልተቀቀለ ምላጭ የሚፈጸሙ እንደ ግርዛትና እንጥል ማስቆረጥ ያሉ ድርጊቶችም ሊያጋልጡ ይችላሉ። አብሮ መብላት፣ መሳሳም፣ በአንድ መጸዳጃ ቤት መጠቀም ወይም የወባ ትንኝ ንክሻ ግን አያስተላልፍም። እዚህ ላይ አንድ ነገር በአጽንዖት መናገር እፈልጋለሁ፤ ትዳር በራሱ መከላከያ አይደለም። ለአንድ ሰው ብቻ ታማኝ ሆኖ የኖረ ሰው እንኳ፣ የትዳር አጋሩ ውጤት እስካልታወቀ ድረስ የራሱን ውጤት ያውቃል ማለት አይቻልም።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሰዎች መካከል 0.9 በመቶው ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ ተገኝቷል። ይህ አማካይ ቁጥር ግን ሊያዘናጋን አይገባም፤ በከተማ 2.9 በመቶ፣ በገጠር 0.4 በመቶ፣ በጋምቤላ ደግሞ 4.8 በመቶ ነበር። ሴተኛ አዳሪዎች፣ የረጅም ርቀት ሹፌሮች፣ በሰፋፊ እርሻዎችና ግንባታዎች የሚሠሩ የቀን ሠራተኞች፣ የሕግ ታራሚዎች፣ እንዲሁም ባል ወይም ሚስት የሞተባቸውና የተፋቱ ሰዎች በተደጋጋሚ እንዲመረመሩ የሚመከረው የኑሯቸው ሁኔታ ስለሚያጋልጣቸው እንጂ በጠባያቸው ተፈርዶባቸው አይደለም።

ድርጊቱ የተፈጸመው ከሦስት ቀን ወዲህ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ሥራ ምርመራ ብቻ አይደለም። ኮንዶም የተቀደደበት፣ ተገዶ የተደፈረ ወይም በሥራ ላይ በተበከለ መርፌ የተወጋ ሰው፣ ፔፕ የተባለውን መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ከጀመረና ለ28 ቀናት በትክክል ከወሰደ፣ ቫይረሱ እንዳይዘው ትልቅ ዕድል አለው። ቅዳሜ ሌሊት የሆነ ነገር ከሆነ፣ ጊዜው ማክሰኞ ሌሊት ያበቃል። መድኃኒቱ በቶሎ በተጀመረ መጠን የበለጠ ስለሚሠራ፣ «ሰኞ ሥራ ሲገባ እሄዳለሁ» ማለት አይገባም፤ እሑድም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሄዶ የሆነውን በግልጽ መናገር ይሻላል። የተደፈረች ሴት በዚያው እርግዝናን የሚከላከል መድኃኒትና የሌሎች አባላዘር በሽታዎች ሕክምናም ልትጠይቅ ይገባል።

72 ሰዓቱ ካለፈ ሌላ ቆጠራ ይጀመራል። በጤና ጣቢያ የሚደረገው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመነጨውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህም በደም ውስጥ በበቂ መጠን እስኪገኝ ድረስ እስከ ሦስት ወር ሊወስድ ይችላል። በአሥረኛው ቀን ተመርምሮ ኔጌቲቭ የተባለ ሰው፣ ከአሥር ቀን በፊት ስለሆነው ነገር ምንም አልተነገረውም። የሚያሳዝነው ደግሞ በእነዚህ የመጀመሪያ ሳምንታት በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን እጅግ ከፍተኛ በመሆኑ፣ ሰውየው ለሌላው የማስተላለፍ ዕድሉ ይበረታል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሽፍታና የዕጢ ማበጥ ሊታይ ይችላል፤ ይህም ታይፎይድ ወይም ጉንፋን ነው ተብሎ በቀላሉ ይታለፋል። ስለዚህ ቀድሞ መመርመሩ መልካም ቢሆንም፣ በሦስተኛው ወር መድገምና እስከዚያ ድረስ ኮንዶም መጠቀም ያስፈልጋል።

በመንግሥት ጤና ተቋማት ምርመራው ያለ ክፍያ ይሰጣል። ወደ ክፍሉ ሲገቡ ባለሙያው ስለ ግንኙነት ታሪክዎ ይጠይቅዎታል፤ ቀኑን ሳይሸሽጉ መናገር ውጤቱን በትክክል ለመረዳት ይጠቅማል። ውጤትዎ በምስጢር የሚያዝ ሲሆን፣ ያለ ፈቃድዎ ሊመረምርዎት የሚገባ ሰው የለም። ከዚያም የጣትዎ ጫፍ በአልኮል ይጠረጋል፣ ጎኑ በትንሽ መርፌ ይወጋል፣ የመጀመሪያው ጠብታ ከተጠረገ በኋላ ቀጣዩ በመመርመሪያው ላይ ያርፋል። ሩብ ሰዓት ያህል ከተጠበቀ በኋላ፣ ምርመራው መሥራቱን የሚያረጋግጠው መስመር ብቻ ከታየ ኔጌቲቭ ነው። ይህ መስመር ካልወጣ ምርመራው ስላልሠራ በሌላ መደገም አለበት። ሁለት መስመር ከታየ ደግሞ በዚያ ብቻ ፖዘቲቭ አይባልም፤ በሌሎች የተለያዩ መመርመሪያዎች ይረጋገጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ሦስት ተከታታይ ውጤቶችን ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ተመርምሮ ፖዘቲቭ የተባለ ሰው «በስንት መመርመሪያ ተረጋገጠ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። በቤት ውስጥ በድድ ፈሳሽ የሚደረገው የራስ ምርመራም ማጣሪያ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የጀመረ ሰው ደግሞ በዚህ ዓይነት ምርመራ ራሱን መፈተሽ የለበትም፤ የተሳሳተ ኔጌቲቭ ሊያሳየው ይችላል።

ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከጋብቻ በፊት የምርመራ ወረቀት ይጠይቃሉ፤ መልካም ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ወረቀቱ የሚመሰክረው ስለ ቀኑ ብቻ ስለሆነ፣ ሠርጉ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከመሯሯጥ፣ ከሦስት ወር በላይ አስቀድሞ መመርመርና ሠርጉ ሲቃረብ መድገም ይሻላል። ሁለታችሁም አብራችሁ ገብታችሁ፣ ውጤቱን አብራችሁ ስሙ። አንዱ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጌቲቭ ሆኖ መገኘት ያጋጥማል፤ ይህም በራሱ የታማኝነት ጉድለት ማስረጃ ስላልሆነ፣ ውሳኔው ከመወቃቀስ በፊት ከአማካሪ ጋር በመነጋገር ቢጀመር እወዳለሁ። ለኔጌቲቩ አጋር ፕሬፕ የተባለው በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ ስለሚኖር ይጠይቁ።

ፖዘቲቭ ውጤት ከተረጋገጠ በኋላ ሕክምናው በዚያው ቀን ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊጀመር ይችላል፤ የቀድሞው የሲዲ ፎር (ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉ የደም ሕዋሳት) ቁጥር እስኪወርድ የመጠበቅ አሠራር ቀርቷል። መድኃኒቱን በየቀኑ በትክክል የሚወስድና በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። በፀበል ለሚታመኑ ወገኖችም፣ አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነት ዘመናቸው ፀበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ አስተምረዋልና፣ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አያስፈልግም።

እናት ፖዘቲቭ ሆና ሕክምና ካላገኘች ቫይረሱ ወደ ልጇ የመተላለፍ ዕድሉ ከ15 እስከ 45 በመቶ ሲሆን፣ በሕክምና ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር እናት በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ቀን፣ ከቂጥኝና ከሄፓታይተስ ቢ ጋር፣ ይህንንም መመርመር አለባት። የተወለደው ሕፃን የእናቱን ፀረ እንግዳ አካል በደሙ ስለሚይዝ፣ ፈጣኑ ምርመራ እስከ 18 ወር ድረስ ሊያሳስት ይችላል፤ በስድስተኛው ሳምንት በልዩ ወረቀት ላይ ከተረከዙ በሚወሰድ የደም ጠብታ ቫይረሱ ራሱ ይፈለጋል። የመጨረሻው ውጤት የሚታወቀው ልጁ 18 ወር ከሞላውና ጡት መጥባት ካቆመ ሳምንታት ካለፉ በኋላ በሚደረገው ምርመራ ስለሆነ፣ የስድስተኛው ሳምንት ውጤት ኔጌቲቭ ቢሆንም ቀጠሮው መቋረጥ የለበትም።