«ከመጠን በላይ ተጠምዝዞ» የቆመው ሞልኒያ የኪስ ሰዓት

ደብረ ብርሃን ያለ ሻጭ «ከመጠን በላይ ተጠምዝዞ ቆሟል» ብሎ በቴሌግራም ያወጣው ባለ 18 ድንጋይ (ዘንጎቹ የሚያርፉባቸው ጠንካራ ድንጋዮች) ሞልኒያ፣ የሶቪየት የኪስ ሰዓት፣ አሁን ይሠራል። መጠምዘዝ ብቻውን ሰዓት አያቆምም። ሞላው (ኃይል የሚሰጠው ጥቅል ስፕሪንግ) እስከ ጫፍ ተጠምዝዞ የቆመ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ዘይቱ ደርቆ ነው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ይብሱን ያወፍረዋል።

ሰዓት የማያውቅን ሻጭ «ይሠራል ወይ?» ማለት አይጠቅምም። የሚጠቅመው ይህ ነው፦ «ወንድሜ፣ የኋላ ክዳኑን ክፈትና ውስጡን ሳትነካ ሰዓቱን ቀስ አድርገህ እያዞርክ ቪዲዮ ላክልኝ።» ባላንሱ (ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው መንኮራኩር) ሳይንገዳገድ ከተወዛወዘ ዘንጉ ደህና ነው። ከተንጋደደ አይገዛ።

ሲፈታ መጀመሪያ ሞላው ይለቀቃል። መጠምዘዣውን በጣት አጥብቆ ይዞ ጥርሱን የያዘችውን ምላስ በወረንጦ ገፋ ማድረግ፣ ከዚያ መጠምዘዣውን በጣቶች መሃል ቀስ እያሉ መመለስ። ይህ ከተዘለለ ሞላው በአንዴ ይፈታና ጥርስ ይሰብራል። እጥበቱ በንጹሕ የላይተር ቤንዚን ነው፣ በመኪና ነዳጅ አይደለም፤ አልኮል የመልህቁን (ባላንሱን የሚገፋው ሹካ) ድንጋዮች የያዘውን ሙጫ ስለሚያሟሟ አይሆንም። ዘይቱ የሰዓት ዘይት፣ በመርፌ ጫፍ፣ የድንጋዩን ጉድጓድ ከግማሽ ሳያልፍ። የመልህቁ ዘንግና የባላንሱ ቀጭን ሞላ ግን ዘይት አይነካቸውም፤ ቀጭኑ ሞላ ዘይት ከነካው ዙሮቹ ይጣበቁና ሰዓቱ በብዙ ደቂቃ ይቀድማል።