ጊልብራይድ የተባለውን የአየርላንድ የቤተሰብ ስም ሲያጠኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

(ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ የከፋው በአንድ አጻጻፍ ብቻ መፈለግ ነው። ጊልብራይድ በአይሪሽ ማክ ጊላ ቭሪዴ፣ ማለትም «የቅድስት ብሪጂድ አገልጋይ ልጅ» ነው፤ አሰያየሙ ከእኛው ገብረ ማርያም ጋር ይቀራረባል። በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ቄሶችና መዝጋቢዎች ግን እንደሰሙት ማክብራይድ፣ ኪልብራይድ ወይም ጊልብራይድ እያሉ አሰፈሩት። ባለስሙ ማንበብ ካልቻለ ማን ያርመዋል? የአንድ እናትና አባት ልጆች በክርስትና መዝገብ በሁለት ዓይነት ስም ቢገኙ አይግረምዎ። «የእኛዎቹ በጂ ነው የሚጽፉት፣ በኬ የሚጽፉት ሌላ ዘር ናቸው» የሚለው ክርክር ለ1850ዎቹ አይሠራም፤ እባክዎ ይተዉት! ፊደሉን ትተው የአባትን ስም፣ የእናትን ስም ከነአባቷ ቤት ስም፣ የክርስትና አባትና እናትን፣ እንዲሁም ታውንላንዱን (ትንሹን የገጠር መሬት ክፍል) አንድ ላይ ያስተያዩ። ከአራቱ ሦስቱ ከገጠሙ ቤተሰቡ ያው የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ኪልብራይድ የሚባሉ ቦታዎችን በካርታ አይቶ «ዘራችን ከዚህ ነው» ማለትም ስህተት ነው። በቦታ ስም ውስጥ ያለው «ኪል» ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው፤ በቤተሰቡ ስም ውስጥ ያለው ግን «ጊላ» (አገልጋይ) ነው።

የ1841ን ወይም የ1851ን የሕዝብ ቆጠራ በመፈለግ አይድከሙ። ጥቂት ቁራጮች ቢተርፉም አብዛኛው በ1922 በደብሊን የመዝገብ ቤቱ ቃጠሎ ጠፍቷል፤ የ1861 እስከ 1891ዎቹንም መንግሥት ራሱ አስወግዷቸዋል። ከቃጠሎው በፊት ከተደረጉት ቆጠራዎች ሙሉ ሆነው የቀሩት የ1901 እና የ1911 ናቸው። ክፍተቱን በከፊል የሚሞላው ከ1847 እስከ 1864 የተሠራው የግሪፊት የመሬት ግምት ነው፤ እሱ ግን የባለይዞታውንና የአከራዩን ስም ብቻ ስለሚጽፍ ሚስትና ልጆችን አይሹበት። ለእነሱ በአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ በነፃ የሚገኙትን እስከ 1880 ያሉ የካቶሊክ ደብር መዝገቦች ይክፈቱ።

«የቤተሰቡ አርማ» ተብሎ የሚሸጠውን አይግዙ፤ አርማ የሚሰጠው ለሰው እንጂ ለስም አይደለም።

ዕድሜንም አይመኑ። ለ70 ዓመት አረጋውያን ከ1909 ጀምሮ ጡረታ ስለተሰጠ በ1901 ቆጠራ 58 የተባለ ሰው በ1911 72 ሆኖ ብቅ ሊል ይችላል። የልደት ምዝገባም ሲዘገይ ያስቀጣ ስለነበር ወላጆች ቀኑን ወደፊት ይገፉት ነበር፤ ክርስትናው ከልደቱ ቀድሞ ቢያገኙት መዝገቡ የሌላ ልጅ ነው ብለው አይጣሉት።